«ሰዓት ይጠገናል» የሚለው የልብስ ሰፊዋ ቤት

«እኔ ዘንድ የገባ ምስጢር ጉድጓድ የገባ ድንጋይ ነው፤ ተመልሶ አይወጣም!»

እንዲህ ብላ የፎከረችው የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ ናት። የፎከረችውም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ መንገዱን ሞልተው ለሚሄዱት የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ነው። ጓደኞቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቢስቁም አይፈረድባቸውም፤ ይህችን ልጅ ሰፈሩ የሚጠራት እናቷ ባወጣችላት ስም ሳይሆን «ሬዲዮኗ» እያለ ነው። ጠዋት የተከፈተች እንደሆነ ማታ እንኳ ባትሪዋ አያልቅም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በዚያች ቀን ጉራዋ ባዶ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ምስጢር ሆዷ ውስጥ ይዛ ቆይታለች። ሬዲዮ ሦስት ዓመት ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚጨንቀው የሚያውቀው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ምስጢሩ ይህ ነው። አክስቷ የምትኖርበትና ልብስ የምትሰፋበት ባለሁለት ክፍል ቤት የኪራይ ቤት አልነበረም። ቀድሞ እዚያ ይሠሩ ከነበሩ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ላይ፣ በውል፣ በምስክር ፊት፣ ዋጋውን አጠናቃ ከፍላ ገዝታዋለች። ሽማግሌውም ትንንሽ ብሎኖቻቸውን በጣሳ ሰብስበው ልጃቸው ወዳለበት ከተማ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ግን ቤት መግዛቷን አንድም ሰው እንዲያውቅባት አልፈለገችም።

«ቤት ገዛች ከተባለ ዘመድ አበድሪኝ ይላል» ትላለች። «ደንበኛ ‹ባለቤት ሆነሽ ምን አጣሽና› ብሎ ዋጋ ያስቀንሳል። ጨርቅ ነጋዴውም ለምስኪን ተከራይ ብሎ የሚያረዝምልኝን ክንድ ያሳጥራል። የሰው ዓይን ያልነካው ነገር ነው የሚበረክት።»

ስለዚህ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን አሮጌ ጣውላ እንዳለ ተወችው። በጣውላው ላይ የቆመ ሰዓት ተስሏል፤ ከሥሩም «ሰዓት ይጠገናል» ይላል። ሰዓት ይዞ የሚመጣውን ሰው «ባለቤቱ የሉም» እያለች ትመልሳለች። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ደጃፏ ላይ ቆማ ጎረቤት እንዲሰማ «ወይ ኪራይ! ወይ የሰው ቤት!» እያለች ትተነፍሳለች። ሽማግሌውንም አፋቸውን እንዲይዙ አስምላቸው ነበር። ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ስለነበሩ ለገዛ ልጃቸው እንኳ ሳይናገሩ፣ ዘንድሮ አረፉ።

አንዳንድ ሰው ንብረቱን ሲያጣ ሌባውን ይረግማል። ይህች ሴት ግን ቤቷን ለማጣት ሌባም አላስፈለጋትም፤ ራሷ በቂ ነበረች።

ልጅቷ ጓደኞቿን ተሰናብታ ወደ አክስቷ ቤት ስትታጠፍ፣ አንድ ሰው በሜትር የጎን ግድግዳውን ሲለካ አገኘች። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፤ ጫማው ላይ የእንጨት ብናኝ አለ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ምን እየለኩ ነው?» አለችው።

«ግድግዳ።»

«ግድግዳ መሆኑንማ አየሁት። ለምን ብዬ ነው።»

«መጋዜ ረጅም ነው፤ በዚህ በኩል ይገባ እንደሆነ እያየሁ ነው። አናጺ ነኝ።»

«የሰው ቤት ውስጥ መጋዝ ምን ሊያደርግ ይገባል?»

አናጺው ሜትሩን ጠቅልሎ ፈገግ አለ። «የሰው አይደለም፣ የኔ ልጅ። ልገዛው ነው። ነገ ጠዋት ከወራሹ ጋር መዝገብ ቤት ተቀጣጥረናል። ባለቤቱ አርፈዋል፤ ልጃቸው ሹፌር ነው፤ ቤቱን ሊሸጥልኝ ተስማምቷል።»

ልጅቷ ወደ በሩ ጠቆመች። «ውስጥ ያለችውስ ሴትዮ?»

«ተከራይዋ? ትናንት አነጋገርኳት። ‹እኔ ምስኪን ተከራይ ነኝ፤ ስለ ቤቱ ባለቤቶቹን ጠይቅ› አለችኝ። ደግ ሴት ትመስላለች። ዕቃዋን እስክታወጣ ጊዜ እሰጣታለሁ፤ አላስቸኩላትም።»

እዚህ ላይ ድንጋዩ ከጉድጓዱ መውጣት ጀመረ። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከንፈሯን ነከሰች። ቀኝ ኋላ ዞራ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ተመለሰች። አናጺው «ምን ሆንሽ? ሆድሽን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ግን አልቻለችም።

«ተከራይ አይደለችም! ቤቱ የሷ ነው! ሽማግሌው ሸጠውላታል፤ ውል አላት፤ ሦስት ዓመቱ ነው! ኪራይ ኪራይ የምትለው ለጎረቤት ነው! አክስቴ ናት፤ እንዳልናገር አስምላኛለች፤ እኔም ምስጢር ጠባቂ ነኝ!»

አናጺው ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀና ብሎ ጣውላውን፣ በጣውላው ላይ የቆመውን ሰዓት ተመለከተ። «እንግዲያው እንግባና ከራሷ ልስማ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ዘርግታ፣ መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ፣ ጠርዙን እየሰካች ነበር። ልጅቷ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ሴትዮዋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካች፤ የመጨረሻዋን በኃይል ወጋቻት።

«አንቺ! የምላስሽ መቆለፊያ የት ጠፋ? ምስጢሬን ለመንገደኛ አወጣሽው?»

«መንገደኛው ቤትሽን ሊገዛ እኮ ነው፣ አክስቴ!»

«ምኑን ይገዛል? የሸጠልኝ ባለቤቱ፣ የከፈልኩ እኔ! ቀድሞ የገዛ ቀደመ፤ አለቀ። ውሌ ሣጥኔ ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

አናጺው በትሕትና ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሣጥንዎ ውስጥ ያለውን እኔ በምን ላየው እችላለሁ?»

«አንተ ምን ቤት ነህና ታየዋለህ?»

«ገዢ ነኝ። ገዢ ደግሞ ማየት ያለበትን ሁሉ አይቻለሁ። መዝገብ ቤት ሄጄ መዝገቡን አስከፈትኩ፤ የሽማግሌው ስም ብቻ ነው ያለው። በርዎ ላይ መጣሁ፤ የሽማግሌው ጣውላ ተሰቅሏል። ጎረቤት ጠየቅሁ፤ ‹ተከራይ ናት፣ ምስኪን፣ በየወሩ ታለቅሳለች› አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«እኔ እኮ እዚሁ ቁጭ ብዬ መርፌ እየወጋሁ ነው! ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን ያየ ሰው ‹ይህች ሴት በምን መብት ገባች?› ብሎ አይጠይቅም?»

«ጠየቅሁ እንጂ፣ እትዬ። እርስዎኑ ጠየቅሁ። ምን አሉኝ?»

ልብስ ሰፊዋ ክር የሌለበትን መርፌ ጨርቁ ውስጥ አስገብታ አወጣችው። ልጅቷ ሳቋ መጣባት፤ ግን የአክስቷን ፊት አይታ ዋጠችው።

«ይኸውልዎት» ቀጠለ አናጺው፤ «ያባቴ ቤት የሄደው እንዲህ ሆኖ ስለሆነ ሕጉን በደንብ ጠይቄ አውቄዋለሁ። ሕጉ ‹ማን ቀድሞ ገዛ?› ብሎ ብቻ አይጠይቅም። ‹ማን ቀድሞ አስመዘገበ?› ይላል። አንድ ቤት ለሁለት ሰው ቢሸጥ፣ ሁለተኛው ስለ መጀመሪያው ሳያውቅ፣ በቅን ልቡ ገዝቶ ቀድሞ ካስመዘገበ፣ ቤቱ የሱ ነው።»

«ይህማ ግፍ ነው! ለኋለኛው ሰጥቶ ፊተኛውን ማስለቀስ!»

ልጅቷ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልሆነላትም። ክፍላቸው ባለፈው ዓመት መዝገብ ቤቱን ሊጎበኝ ሄዶ ነበር፤ እሷም መዝጋቢዋን በጥያቄ ስታደርቃት የዋለች ልጅ ናት።

«አክስቴ፣ ግፍ ነው ከማለትሽ በፊት እስቲ ልጠይቅሽ። ያኔ ሁለት ሴቶች በአንድ ሰማያዊ ጨርቅ የተጣሉ ጊዜ፣ ለማን ፈረድሽ?»

«ስሟ ጨርቁ ላይ ለተሰካላት ነዋ!»

«ሌላዋ ግን ‹ቀድሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ› ብላ ምላ ነበር።»

«ብትምልስ? እኔ ጠንቋይ ነኝ? ማንም ጨርቅ ሲያመጣ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌ እሰካለሁ። እሷ ‹ሰው እንዳያይብኝ› ብላ ስሟን ሳታስጽፍ መደርደሪያ ላይ ጥላው ከሄደች፣ ጥፋቱ የኔ ነው? ስም የሌለበት ጨርቅ የማንም…»

ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች፤ እያንዳንዱ ጨርቅ ስሙን በደረቱ ሰክቶ በተርታ ተቀምጧል። በገዛ ቤቷ ውስጥ ስሟ ያልተሰካበት አንድ ነገር ቢኖር ቤቱ ራሱ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ሰውን በሰው መጽሐፍ መርታት ከባድ ነው፤ በራሱ መርፌ ከወጉት ግን ቶሎ ይሰማዋል።

ይሁንና አሮጌ ልማድ ባንዴ አይለቅም። «ግን ከተመዘገበ እኮ ሁሉም ያየዋል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር። «መዝገቡን የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ያነበዋል ይላሉ።»

«ጥቅሙ እሱ ነው!» አለች ልጅቷ።

«እትዬ» አለ አናጺው፤ «እርስዎ ቤቱን ከሌባ የደበቁት መስሎዎት ነበር። ሌባ ቤት ተሸክሞ አይሄድም። የደበቁት ከሐቀኛ ገዢ ነው። ሐቀኛውም ሳያውቅ ሊወስድብዎት ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች። «አሁንስ? አሁን አውቀሃል። ምን ልታደርግ ነው?»

አናጺው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በጣቶቹ መሐል አሽከረከረው። «የምሠራበትን ቦታ ልቀቅ ተብያለሁ፣ እትዬ። መጋዜን የማስገባበት የለኝም። ቀብድም ሰጥቻለሁ። እስቲ… ላስብበት።» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

እስቲ ላስብበት! ይህች ቃል አክስትንና የእህት ልጅን እንቅልፍ ነሳቻቸው። አክስት «ባትነግሪው ኖሮ» እያለች ትጀምርና መጨረሻውን ስታስበው ትተወዋለች፤ ባትነግረውማ ቤቱ ሄዶ ነበር። «ነግረሽው እሽቅድምድም አስጀመርሽን» ትላለች ደግሞ። ሬዲዮኗም ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ተከናነበች።

መዝገብ ቤቱ ሳይከፈት ሊደርሱ ጎህ ሲቀድ ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ውሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። የመዝገብ ቤቱ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ውስጥ የማኅተም ድምፅ ጧ፣ ጧ ይላል። ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ክርኑን ደገፍ አድርጎ የቆመው ማን ነው? አናጺው!

«ቀደመን!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ወይኔ ቤቴ! ምላስሽ በላኝ፣ አንቺ ልጅ! ሐቀኛ መስሎኝ!»

ጩኸቷን ሰምቶ አናጺው ዞረ። «መጣችሁ? ምን ሆናችሁ ነው የምትቆዩት? ወረፋ ይዤላችሁ እግሬ ዛለ! ኑ ቶሎ፣ ይህ ጋሼ ከኋላዬ ሆኖ ሊያልፈኝ ሲታገል ነው ያነጋው።»

ልብስ ሰፊዋ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ለኔ? ወረፋ የያዝከው ለኔ ነው?»

«ካወቅሁ በኋላ ወስጄ እንዴት እተኛበታለሁ? ያባቴን ቤት የወሰደው ሰው እያወቀ ነው የወሰደው፤ ማወቁን የምናስረዳበት ግን አልነበረንም። እኔ እሱን ልሆን አልችልም።»

መዝጋቢዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ ውሉን ተቀበለች፤ ልጅቷንም አየቻት። «አንቺን አውቅሻለሁ። ያን ጊዜ ጉሮሮዬን ያደረቅሽኝ ነሽ።»

«ትምህርቱ ጠቅሞናል፣ እመቤቴ» አለች ልጅቷ።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይህ ደግ ሰው እንደማያውቅ ሆኖ ዛሬ ቢያስመዘግብ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

«ካወቀ ወዲያ ‹አላወቅሁም› ቢል ሕጉ አይጠብቀውም። ሕጉ የሚጠብቀው በቅንነት የገዛውን ነው። ነገር ግን ማወቁን ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ይሆናል፤ በአንዲት ልጅ ቃል ስንት ዓመት ይሟገታሉ? ጭራሽ ሳይነገረው ቢሆን ደግሞ ሙግትም አይኖር፤ ቤቱ የሱ ነው። ለእርስዎ የሚቀርዎት ገንዘቤን መልስ ብሎ ወራሹን መክሰስ ብቻ ነው።»

በዚህ መሐል ወራሹ ሹፌር፣ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ፣ ቤቱን ሊሸጥ ደረሰ። ነገሩን ሲሰማ ቁልፉ ቆመ። ውሉን ተቀብሎ የአባቱን ፊርማ ተመለከተ።

«ፊርማው የሱ ነው» አለ። «አባቴ ‹ያቺን ልብስ ሰፊ እንዳታስቸግራት› እያለኝ ነው ያረፈው። ‹ታዲያ ኪራይ ለምን አትቀበላትም?› ስለው ይስቃል። ዕዳዋን የተወላት መስሎኝ ነበር። እኔን ከሐጢአት አዳናችሁኝ፤ የሞተ አባቴን ቃል ልሸጥ ነበር።» ብሎ የአናጺውን ቀብድ እዚያው መለሰለት፤ ለልብስ ሰፊዋም ስለ አባቱ ሆኖ ፈረመላት።

ማኅተሙ ጧ! ሲል ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። በሰልፉ ሁሉ ፊት ለአናጺው ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ወንድሜ» አለችው፤ «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ለራሴ የሰፋሁት ነገር ቢኖር ይህ ቤት ብቻ ነው። አንተ ዛሬ አለበስከኝ። ውለታህን የምከፍልበት ባይኖረኝ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፤ እስክሞት እላለሁ።»

«እትዬ፣ ሰው እያየን ነው» አለ አናጺው፤ ጆሮው ቀልቶ።

«ይየን! ከዛሬ ወዲያ የምደብቀው የለኝም። ቆይ፣ መጋዝህ ምን ያህል ይረዝማል? ከቤቴ ጎን ያለው ባዶ ቦታ አይበቃህም? ለረጅም ዘመን አከራይሃለሁ፤ በደህና ዋጋ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። «እመቤቴ፣ የኪራይ ውልም ይመዘገባል?»

«ረጅም ዘመን ከሆነ ይመዘገባል» አለች መዝጋቢዋ።

«እንግዲያው እሱንም ይመዝግቡልኝ! ነገ ብሞት ወራሼ መጥቶ ይህን ሰው ‹ማን ነህ?› እንዳይለው።»

ትናንት ስሟን ከግድግዳ እንኳ የደበቀች ሴት፣ ዛሬ ባዶ ቦታዋን ሁሉ ልታስመዘግብ ተነሳች። ሰው ሲለወጥ እንዲህ ነው።

የመጣውንም በረከት ልንገራችሁ። አናጺው በአዲሱ መሥሪያው መጀመሪያ የሠራው ነገር ከበሩ በላይ የሚሰቀል ጣውላ ነው፤ «ልብስ ሰፊ» ይላል፤ ከሥሩም የእመቤቲቱ ስም አለ። ባለሰዓቱን ጣውላ ሹፌሩ ለአባቱ መታሰቢያ ወሰደው። ዘመዶች እንደተፈራው ሊበደሩ መጡ፤ ልብስ ሰፊዋ «የለኝም» አለቻቸው፤ ሄዱ። ሦስት ዓመት ያስፈራት ነገር አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ኖሯል። ጨርቅ ነጋዴው የምሕረቱን ክንድ አሳጠረ፤ ነገር ግን «ቤት ያላት ሴት የት ትሄድብኛለች?» ብሎ ሙሉ ጣቃ በዱቤ ሰጣት። ባንኩም ቤቱን በመያዣነት ተቀብሎ አዲስ የስፌት መኪና የምትገዛበት አበደራት፤ አሁን ሁለት ሴቶች ከሷ ጋር ይሠራሉ። ጎረቤቶቿ ግን ተቀየሟት። «ሦስት ዓመት በከንቱ አዘንልሽ» አሉ፤ እሷም ይቅርታ ጠየቀች፤ የሁሉንም ጉርድ አንድ አንድ ጊዜ በነፃ አሳጠረችላቸው።

አሁን ቤት ልገዛ ነው የሚል ሰው ሱሪ ሊያስጠብብ ከመጣ ስብከቱን ሳይሰማ አይወጣም። «ስማኝ» ትለዋለች፤ «መጀመሪያ መዝገቡን እይ። ቀጥሎ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ እይ፤ በምን መብት እንዳለም ጠይቅ። ገዝተህ ስታበቃ ከሻጩ ቤት ወጥተህ ወደ ቤትህ አትሂድ፤ ወደ መዝገብ ቤት ሂድ። መዝገብ ለሟችም ይናገርለታል፤ ምስክር ቢሞት እሱ አይሞትም፤ ወዳጅም እንዳይጣላ ያደርጋል። እኔ ወንድም ያገኘሁት በመዝገብ ቤት ሰልፍ ላይ ነው።»

ልጅቷ አንድ ቀን ይህን ስብከት ከዳር እስከ ዳር አዳመጠች። ምስጋናው ለአናጺው ደረሰ፤ ለሹፌሩ ደረሰ፤ ለመዝጋቢዋ ደረሰ፤ ለአረፉት ሽማግሌም ደረሰ። ለአንድ ሰው ግን አልደረሰም። ደንበኛው ከወጣ በኋላ መቀሷን አስቀምጣ ደረቷን ነፋች።

«ሁሉን አመሰገንሽ፤ ደግ። ግን እውነቱን እንነጋገር አክስቴ፤ ቤቱን ያዳነው ይህ ምላስ ነው! ቢያንስ ጣውላው ላይ ስሜ ከስምሽ ጎን ቢጻፍ አይበዛብኝም። ኧረ እንዲያውም ምላሴ ራሱ መዝገብ ሊከፈትለት ይገባ ነበር!»

አክስቷ መኪናዋን ሳታቆም መለሰች፦

«ምላስሽ ደግሞ ምን መዝገብ ያስፈልገዋል? ሳይመዘገብም አገር ያውቀዋል።»